ማንኩሳ፦ በልቦለድ ያለችውና ምሽግ የነበረባት

ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ በደምበጫ፣ በጅጋና በፍኖተ ሰላም አልፎ ወደ ቡሬ የሚጓዝ መንገደኛ ማንኩሳ ሲደርስ ስሟ እንግዳ አይሆንበትም። ከዚያ ቀደም ጎጃምን ረግጦ የማያውቅ ቢሆን እንኳ ማንኩሳን ያውቃታል። ያወቃት ከመጽሐፍ ነው፤ መጽሐፉን ያላነበበም ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ከተረከው ሰምቷታል። የክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ ‹‹ፍቅር እስከ መቃብር›› በ1958 ዓ.ም. ከታተመ ጀምሮ ማንኩሳ የበዛብህ አገር ናት። ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ የኖሩባት፣ በስለት የተሰጠው ልጅ ለትምህርት የወጣባት መንደር ናት። በኢትዮጵያ ገጠር ካሉት መንደሮች መካከል በአንድ ልቦለድ ኃይል ይህን ያህል የታወቀች ሌላ መንደር መጥቀስ አስቸጋሪ ነው።

ይሁን እንጂ ማንኩሳ ሌላም ታሪክ አላት። በጠላት ወረራ ዘመን ከቡሬ እስከ ደብረ ማርቆስ በተዘረጋው የኢጣሊያ የምሽግ ሰንሰለት ውስጥ አንዷ ቀለበት እርሷ ነበረች። በየካቲት ወር 1933 ዓ.ም. በምዕራብ ጎጃም የጠላት አገዛዝ በተናጋባቸው ጥቂት ቀናት ስሟ በጦር አዛዦች ካርታ ላይ ተመልክቷል። የአማርኛ አንባቢ የልቦለዷን ማንኩሳ እንደ ቤቱ ሲያውቅ ምሽግ የነበረባትን ማንኩሳ ግን ፈጽሞ አያውቃትም ለማለት ይቻላል። የሁለቱ ማንኩሳዎች መለያየት ከምን የመጣ ነው? ጉዳዩ ለታሪክ ተመራማሪ ብቻ የሚተው ሳይሆን ሥነ ጽሑፍንም የሚመለከት ጥያቄ ነው።

የምሽጉ ዘመን

ፋሽስት ኢጣሊያ ጎጃምን ከያዘች በኋላ በአገሩ ላይ የተደላደለ ሰላም አላገኘችም። በ1930 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬና መኳንንት በሰፊው ከተነሡ ወዲህ የወራሪው ሥልጣን ከከተሞችና ከምሽጎች አጥር ብዙም አይርቅም ነበር። በቡሬና በአካባቢው ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ፣ በአገውና በዳንግላ በኩል ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬ፣ በብቸና በኩል በላይ ዘለቀና ሌሎችም አርበኞች ገጠሩን ይዘው ስለነበር ጠላት ወታደሩን በመንገድ ዳር በተሠሩ ሰፈሮች ማጎር ግድ ሆነበት። የጦር ሰፈሩ እንግዲህ የድል አድራጊነት ምልክት መስሎ ቢታይም በተግባር የፍርሃት ሥራ ነበር። ምሽግ የሚሠራ ገዥ ከምሽጉ ውጭ ያለው አገር የእርሱ አለመሆኑን ራሱ መስክሯል ማለት ነው።

ንጉሠ ነገሥቱ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ በኩል ከሱዳን ወደ አገራቸው ከገቡ በኋላ ወደ ጎጃም ደጋ የወጣው ‹‹ጌዴዎን›› የተባለው ጦር በቁጥር አነስተኛ ነበር። ወደ 800 የሚጠጉ የሱዳን ወታደሮች፣ በሥልጠና ገና ያልበሰሉ ሌሎች 800 ያህል ኢትዮጵያውያን፣ 50 መኮንኖችና 20 የእንግሊዝ የበታች ሹማምንት ነበሩት። ስንቁንና ጥይቱን ከቆላው ያመጡለት ግመሎች 15 ሺህ ያህል ሲሆኑ የጎጃምን ዳገትና ብርድ የቻሉት እጅግ ጥቂቶች ናቸው። የጦሩ አዛዥ በኋላ በአዲስ አበባ ትምህርት ቤት የተሰየመለት ኦርድ ዊንጌት ነበር።

ቡሬን የያዘው የኮሎኔል ናታሌ ጦር ከዚህ ኃይል በቁጥርም በመሣሪያም ብዙ ጊዜ ይበልጥ ነበር። ነገር ግን ቡሬ በአንድ በኩል ሲጠቃ፣ ማንኩሳም በሌላ በኩል ሲመታ፣ ወደ ደምበጫ የሚወስደው መንገድ ሊዘጋ መሆኑ ታወቀ። በአገሬው ዘንድ የጠላት ነገር እንዳበቃ የሚናገረው ወሬ ከጥይት ይልቅ ይፈጥን ነበር። የካቲት 25 ቀን 1933 ዓ.ም. ናታሌ ቡሬን ለቆ ወደ ምሥራቅ ማፈግፈግ ጀመረ። ከሁለት ቀን በኋላ የካቲት 27 ቀን የሚያፈገፍገው ጦር፣ በእንግሊዝኛ መጻሕፍት ‹‹ቻራካ›› ተብሎ በተመዘገበው ወንዝ አጠገብ፣ መንገድ ላይ ከነበረው ሁለተኛው የኢትዮጵያ ሻለቃ ጋር ፊት ለፊት ተጋጠመ። ሻለቃው ብዙ ሰው ቢሞትበትና ቢቆስልበትም ከእርሱ እጅግ የሚበልጠውን ጦር ተዋግቷል። መጋቢት 28 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ገቡ፤ ከአንድ ወር በኋላም ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ደረሱ። ማንኩሳ ከዚያ በኋላ ወደ እርሻዋ ተመለሰች፤ ከካርታውም ወጣች።

የውጭ ሰዎች መዝገብ

ስለነዚህ ቀናት በብዛት የጻፉት ከጦሩ ጋር የመጡት እንግሊዞች ናቸው። በግመል ማጓጓዣው ሥራ የነበረው አለን ‹‹የደፈጣ ጦርነት በአቢሲኒያ›› የሚል ትርጉም ያለውን መጽሐፉን ያሳተመው ጦርነቱ ገና ባላበቃበት በ1943 እ.ኤ.አ. ነው። የሱዳን ወታደሮችን ይመራ የነበረው ቡስቴድ ትዝታውን በ1971 እ.ኤ.አ.፣ አዲስ አበባ የተወለደውና በዘመቻው የተሳተፈው ቴሲጀር የራሱን በ1987 እ.ኤ.አ. አውጥተዋል። የተመለከቱትን የሚጽፉ በመሆናቸው ለቀኑ፣ ለመልክዓ ምድሩና ለጦሩ አሰላለፍ መጻሕፍታቸው ዋጋ አላቸው። ያለ እነርሱ የየካቲትን ቀናት ቅደም ተከተል ማወቅ በተቸገረ ነበር።

እነዚህን መጻሕፍት የሚያነብ ኢትዮጵያዊ ግን በመጀመሪያ የሚያስተውለው የስሞቹን መለወጥ ነው። ቡሬ ‹‹ቡርዬ›› ሆናለች፤ ወንዙ፣ ኮረብታውና መንደሩ በባዕድ ጆሮ እንደተሰሙት ተጽፈዋል። ይህ እንደ ተራ የፊደል ስሕተት የሚታለፍ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን የትረካውን ጠባይ ያሳያል። ተራኪው መኮንን ስለሆነ አገሩን የሚያየው በመንገድነቱ፣ በውሃው ርቀትና በመድፍ ማጥመጃ ኮረብታነቱ ነው። ሰዎቹንም የሚያያቸው በሚሰጡት ጥቅም ነው፤ ይህ መንገድ መሪ፣ ያ ወሬ አምጪ፣ ሌላው ጭነት ተሸካሚ ነው። ግመል እንዴት እንደሞተ በዝርዝር የሚነገርበት ትረካ፣ ጦሩ ያለፈበትን ማሳ ያረሰው ገበሬ ማን እንደ ነበረ አይጠይቅም። ሰውየው ስላልነበረ ሳይሆን በዚያ ትረካ ውስጥ ቦታ ስላልተሰጠው ነው።

በ1995 እ.ኤ.አ. የታተመው የሺረፍ መጽሐፍ በዚህ ረገድ ከቀዳሚዎቹ ይሻላል። አርእስቱ ራሱ ባዶ እግርንና ዝናርን የሚጠራ ሲሆን፣ አርበኞች ለእንግሊዞች ዘመቻ እንደ ማጀቢያ መቅረብ እንደሌለባቸው ይከራከራል። ቢሆንም ክርክሩ የታሪክ ጸሐፊ ክርክር ነው፤ የሚያቀርበው ማስረጃን ነው። ባዶ እግሩን የቆመውን ሰው ውስጣዊ ኑሮ ማሳየት የኪነ ጥበብ ድርሻ ነው፤ ያንን ድርሻ ከውጭ ሰው መጠበቅም ተገቢ አይደለም።

የእኛው መጻሕፍት

ከአገር ውስጥ ጸሐፊዎች መካከል የጎጃምን ዘመቻ በዐይናቸው ያዩት ደጃዝማች ከበደ ተሰማ ‹‹የታሪክ ማስታወሻ›› የተባለ መጽሐፋቸውን በ1962 ዓ.ም. አቅርበዋል። ከበደ ተሰማ በ1932 ዓ.ም. ክረምት ከሳንድፎርድ ጋር ከሱዳን ተነሥተው የንጉሠ ነገሥቱ እንደራሴ ሆነው ጎጃም የገቡ ሰው ናቸው። መጽሐፋቸው የእንግሊዞቹን ትረካ ለማመዛዘን ይረዳል፤ ስሞቹ ወደ ትክክለኛ ድምፃቸው ይመለሳሉ፤ ሰዎቹም ማዕረግና አገር ያላቸው ሰዎች ይሆናሉ። ነገር ግን ይህም ማስታወሻ የባለሥልጣን ማስታወሻ ነው፤ ከፍ ካለው ቦታ ሆኖ መኳንንቱን ማስታረቅና ማስተባበር የሚገልጽ እንጂ ከመንደሩ ደጃፍ የሚጀምር አይደለም።

የመንደሩን ደጃፍ የሚያውቁ አንድ ደራሲ ነበሩ። ሐዲስ ዓለማየሁ ጎጃምን የሚያውቁት በተወላጅነት ነው። የገበሬውን አነጋገር፣ የካህኑን ሥነ ሥርዓት፣ የባላባቱን ትዕቢት በአማርኛ ልቦለድ ከእርሳቸው በላይ ያስቀመጠ አይገኝም። ታዲያ እርሳቸው የምሽጉን ማንኩሳ ስለምን አልሰጡንም? መልሱ በከፊል በልቦለዱ ዘመን ውስጥ ይገኛል፤ ‹‹ፍቅር እስከ መቃብር›› የሚተርከው ከወረራው በፊት ስለነበረው ኅብረተሰብ ነው። ሌላው መልስ ግን በደራሲው ሕይወት ውስጥ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ ከራስ እምሩ ጦር ጋር ዘምተው፣ በመጨረሻም ተማርከው ወደ ኢጣሊያ የተወሰዱ እስረኛ ነበሩ። በማንኩሳ የኢጣሊያ ወታደር ዘብ በቆመበት ወቅት፣ ማንኩሳን ለዘላለም የሚያስጠራት ሰው በፖንዛና በሊፓሪ ደሴቶች በኢጣሊያ ዘብ ይጠበቅ ነበር። ከእስር የወጡት የቃል ኪዳን አገሮች ጦር በደረሰላቸው በ1943 እ.ኤ.አ. ነው። የየካቲት 1933 ዓ.ም.ን ጭስ አላዩትም።

ይህን አስታውሶ ልቦለዱን እንደገና ለሚያነበው ሰው የማንኩሳ ምዕራፎች ሌላ ክብደት ያገኛሉ። ጠላት የጦር ሰፈር ያደረጋትን መንደር፣ ከጠላት እስር የተመለሰው ደራሲ ከሃያ አምስት ዓመት በኋላ የጸሎት፣ የስለትና የእርሻ መንደር አድርጎ መልሶ አቆማት። በዚህ ትረካ ውስጥ የምሽግ ወሬ የለም፤ ዝምታው ግን እንደ ጉድለት ብቻ መቆጠር የለበትም። አንዲት መንደር ከወራሪዋ በፊት የራሷ ኑሮ፣ የራሷ በደልና የራሷ ፍቅር እንደነበራት ማሳየት በራሱ መልስ ነው። በደሉንም ቢሆን ደራሲው አልሸፈኑትም። ከልማድ ውጭ የተጠየቁትን ግብር አንሰጥም ብለው በአበጀ በለው መሪነት የተነሡት ገበሬዎች፣ ፊታውራሪ መሸሻ የዘመቱባቸውና በመጨረሻ ፊታውራሪውን የማረኩት ሰዎች፣ በጎጃም ምድር ገበሬ ኃይለኛን እንዴት አድፍጦ እንደሚይዝ ያሳዩ ናቸው። ከ1930 ዓ.ም. በኋላ በምሽግ ውስጥ የተቀመጠውን ወራሪ ያስጨነቀው ብልሃት ከዚህ የራቀ አልነበረም። ልቦለዱ ስለ አርበኝነት አንድም ቃል ሳይናገር የአርበኛውን ጠባይ ከሥሩ አስረድቷል።

ይህ ምስጋና ግን ገደብ አለው። ደራሲው ከሰጡን በላይ እንዳልሰጡን ካልታወቀ የልቦለዱ ብርሃን ሌላውን ሁሉ ያጨልማል። ማንኩሳን በበዛብህ ስም ብቻ የሚያውቅ አንባቢ በ1933 ዓ.ም. በዚያች መንደር ምን እንደ ተፈጸመ ለመጠየቅ ምክንያት አያገኝም። ታላቅ ልቦለድ ለቦታ ስም ይሰጣል፤ ስሙን ይዞ ቀሪውን መፈለግ የተከታዮቹ ጸሐፊዎች ግዴታ ነው። እስካሁን ድረስ የምሽጉ ማንኩሳ በአንባቢው ልብ ከልቦለዷ ማንኩሳ ጎን የሚቆም ስፍራ አላገኘችም።

በአጥሩ ውስጥ የነበሩት

ስለ ወረራው ዘመን የተጻፉ የአማርኛ ድርሰቶች የጠነከሩት በመሥዋዕትነት ታሪክ ነው። የግርማቸው ተክለ ሐዋርያት ‹‹አርአያ›› የተማረውን ወጣት ወደ አርበኝነት ሲያደርሰው፣ የጸጋዬ ገብረ መድኅን ‹‹ጴጥሮስ ያችን ሰዓት›› የአንድ ጳጳስን የመጨረሻ ሰዓት የሕዝብ ሰዓት አድርጎታል። የደብረ ኤልያሱ ተወላጅ ዮፍታሔ ንጉሤም በሱዳን ስደት ዐይተው ከተመለሱ በኋላ በ‹‹አፋጀሽኝ›› የወረራውን ዘመን በምሳሌ አቅርበውታል። ለእነዚህ ሥራዎች የሚገባው ክብር አይቀነስም።

ነገር ግን የጦር ሰፈር ከመሥዋዕትነት የተለየ ጥያቄ ያነሣል። በምሽጉ ውስጥ የነበሩት ኢጣሊያኖች ብቻ አልነበሩም። አብዛኛው ጠመንጃ ያዥ ከቅኝ ግዛት የመጣ አስካሪና በአገሩ የተመለመለ ባንዳ ነበር። ከአጥሩ ውጭ አድፍጦ የሚጠብቀው አርበኛና ከአጥሩ ውስጥ ዘብ የቆመው ባንዳ በአንድ ገበያ የተገበያዩ፣ በአንድ ደብር የቆረቡ፣ አንዳንዴም የአንድ ቤት ልጆች ሊሆኑ ይችሉ ነበር። ባንዳው ለምን ገባ? በረሀብ ነው? በጌታው ትእዛዝ ነው? በቆየ ቂም ነው? ወይስ በጥቅም? ምሽጉ በተለቀቀ ማግስትስ ከጎረቤቱ ጋር እንዴት ተያየ? እናቱስ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ከማን አጠገብ ቆመች?

ለእነዚህ ጥያቄዎች የጦር ታሪክ መልስ የለውም፤ የስድብ ቃልም መልስ አይሆንም። ‹‹ባንዳ›› የሚለው ስም ፍርድን ይናገራል እንጂ ሰውየውን አያሳይም። ሥነ ጽሑፍ ከፍርዱ ሳይሸሽ ሰውየውን ማሳየት ይጠበቅበታል። ሐዲስ ዓለማየሁ በፊታውራሪ መሸሻ ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ ግፈኛነቱን ሳይደብቁ፣ የሚያስቅና የሚያሳዝን ሰውነቱንም አልነፈጉትም። ስለሆነም አንባቢው ግፉን ከሰውየው ብቻ ሳይሆን ሰውየውን ካበቀለው ሥርዓት ጋር አያይዞ ለማየት ቻለ። ለምሽጉ ዘመን የጎደለው እንዲህ ያለ ዐይን ነው። ጀግናውን ብቻ የምናሳይ ከሆነ ጀግንነቱ ምን እንዳስከፈለው አናሳይም፤ አርበኛው ከሁሉ አስቀድሞ የተፈተነው በባዕዱ ሳይሆን በአጥሩ ውስጥ ባየው የሚያውቀው ፊት ሊሆን ይችላልና።

ድንጋይና ቃል

በሌሎች አገሮች የቀድሞ የጦር ሰፈሮች ታሪካቸውን በግንባቸው ይዘው ቆይተዋል። በጀርመን አገር በፍራይቡርግ ከተማ በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ለናዚ ጦር የተሠራ ሰፈር ነበር። ከጦርነቱ በኋላ የፈረንሳይ ጦር ሲገባበት ‹‹ቮባን›› በሚባል የጥንት የምሽግ መሐንዲስ ስም ሰየመው። ፈረንሳዮች በ1992 እ.ኤ.አ. ሲወጡ ቦታው የመኖሪያ መንደር ሆነ፤ ከወታደር ቤቶቹም አንዳንዶቹ ሳይፈርሱ ሰው ገባባቸው። ነዋሪው ዛሬም መንደሩን በምሽግ ሠሪው ስም ይጠራል። እዚያ ግድግዳው ስላለ ልጅ አባቱን ‹‹ይህ ቤት ምን ነበር?›› ብሎ ለመጠየቅ ይችላል።

በኢትዮጵያ ገጠር ጠላት የሠራቸው የመስክ ምሽጎች ዕጣ ከዚህ የተለየ ነው። በአፈር፣ በእንጨትና በእሾህ ሽቦ የተሠራ ምሽግ ለረጅም ዘመን የሚቆም አይደለም። እንጨቱ ለማገዶ፣ ድንጋዩ ለቤት መሠረት ይሆናል፤ ቦዩ በክረምት ጎርፍ ይደፈናል፤ በላዩም ጤፍና በቆሎ ይበቅልበታል። በዚህ ማዘን አይገባም፤ የወራሪን ምሽግ ማረስ ከሐውልት የማያንስ ድል ነው። ግን ጠያቂውን የሚያስነሣ ግድግዳ በሌለበት አገር የማስታወሱ ሥራ ሙሉ በሙሉ በቃል ላይ ይወድቃል። ቃሉ ካልተጻፈ፣ ካልተተወነ፣ ካልተዘፈነ፣ ምሽጉ ብቻ ሳይሆን ምሽጉን ያስለቀቁትም አብረው ይጠፋሉ።

በዚህ ረገድ የጎጃም ሕዝብ ባዶ እጁን አይደለም። ፉከራው፣ ሽለላው፣ የአልቃሽ ግጥሙ፣ የካህናቱ ቅኔ ስለዚያ ዘመን የሚሉት አላቸው። ክፍተቱ ያለው ይህን ቃል ሰብስቦ፣ ከተጻፈው ማስረጃ ጋር አመሳክሮ፣ ወደ ድርሰትና ወደ መድረክ በማድረስ በኩል ነው። ዘመኑን በዕድሜያቸው ያዩት ሰዎች አልፈዋል ለማለት ይቻላል፤ ከእነርሱ አፍ የሰሙት ልጆቻቸው ግን በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በማንኩሳ አሉ። ‹‹ፍቅር እስከ መቃብር››ን በክፍል ውስጥ የሚያስተምር መምህር ተማሪዎቹን ‹‹በዛብህ ከየት ተወለደ?›› ብሎ ከጠየቀ በኋላ ‹‹በዚያች መንደር በ1933 ዓ.ም. ምን ሆነ?›› ብሎ ቢጨምር፣ የማንኩሳ ተማሪም ወደ ቤቱ ሄዶ አያቱን ቢጠይቅ፣ ሥራው ተጀመረ ማለት ነው። የቴአትር ባለሙያውም የዘመቻን ሰልፍ ለማሳየት ብዙ ሕዝብና ብዙ ጠመንጃ አያስፈልገውም፤ አንድ አጥር፣ ከውስጥ አንድ ዘብ፣ ከውጭ አንድ የሚያውቀው ሰው ይበቁታል።

የፍኖተ ሰላም ስም በግዕዝ የሰላም መንገድ ማለት ነው። የናታሌ ጦር ያፈገፈገው በዚሁ አገር አልፎ ነው፤ የነጻነቱ ጦርም የተከተለው በዚሁ ነው። በዚሁ መንገድ በልቦለድ የተወለደ አንድ ተማሪ ከማንኩሳ ወጥቶ በአማርኛ አንባቢ ልብ ውስጥ ገብቷል። በምሽጉ ዘመን በዚያው መንገድ ያለፉት፣ ስማቸው በባዕድ መጽሐፍ ያልተመዘገበው ገበሬዎች ግን ገና ከመንገድ አልገቡም። ሐዲስ ዓለማየሁ በሩን ከፍተው ስሙን ሰጥተዋል፤ የቀሩትን ሰዎች አስገብቶ ማስቀመጥ የዛሬው ብዕር ዕዳ ነው።